የስህን መታወቂያ የት ገባ?

ስህን ቦርሳዋን ለሦስተኛ ጊዜ አልጋው ላይ ገለበጠችው። ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ጆሮው የማይሰራ ማዳመጫ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የማስታወሻ ደብተር። የኮሌጅ መታወቂያዋ ግን የለም። የጎን ኪሱን ገልብጣ አየች፤ በተቀደደው ገበር ውስጥ ጣቷን ሰደደች። የለም ማለት የለም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የት አባቱ ይሄዳል፣ ይገኛል» ብላ ትተወው ነበር። አሁን ግን ጊዜ የላትም። ነገ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደሴ ያለ አንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል። ጣቢያው ለመጪው ክረምት አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ይቀበላል፤ አንድ ብቻ። ካመለከቱት አርባ ምናምን ተማሪዎች መሀል ሁለት አስቀርቶ የላከላቸው መልእክት አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፦ «የኮሌጅ መታወቂያና የሦስት ደቂቃ ዘገባ ይዛችሁ ቅረቡ። በሰዓቱ ያልተገኘች በፈቃዷ እንደተወች ይቆጠራል።»

ከሁለቱ አንዷ ስህን ናት። ሌላዋ ደግሞ ሂንድ፤ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት አብራት የተቀመጠች ሂንድ። ችግሩም ይኸው ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ መጥታ እዚህ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ማን ሆነችና? «ቻርጀርሽን ላውጣ» ብላ ቦርሳውን የከፈተችውስ?

ስህን ይህን በማሰቧ አፈረች። ቀጥላ በማፈሯ ተናደደች። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይባል የለ! ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ሲቀር፣ ጓደኛም ጓደኛ ሆኖ ላይቀር ይችላል።

«እማ፣ መታወቂያዬን አይተሻል?»

እናቷ ፋና በረንዳው ላይ ለነገ የሚለበሰውን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። «እኔ ያየሁት ያንን ቦርሳ የምትይውን ጆንያ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ይልቅ ያ ሙነወር ስልኬን ይዞብኝ ቀረ እኮ! ‹ቫይረስ ገብቶበታል እማማ ፋና› ብሎ ትናንት ወሰደው፣ በዚያው ጠፋ። ወንዱ እየደወለ ዝግ ሆኖበት ይሆናል፣ የኔ ነገር።»

ሙነወር የሂንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስልክ ይጠግናል። ወንዱ ደግሞ የፋና ታናሽ ወንድም፣ አሶሳ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር የሚነዳ። የስህን አባት ካረፈ ወዲህ ያስተማራት እሱ ነው። ዘገባ በሠራች ቁጥር ቀድሞ የሚሰማውም እሱ ነው፤ ማሽኑን አቁሞ ያዳምጥና «እዚያች ጋ ቸኮልሽ፣ ትንፋሽ ውሰጂ» ይላታል። በከተማቸው በሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር መረብ ስለሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች የሠራችውን፣ የነገውን ዘገባ፣ እሑድ ዕለት ልካለት እስካሁን አልሰማላትም። በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም ብላ ተወችው።

ስህን አጥሩን ዞራ ወደ ጎረቤት ስትሄድ ሂንድ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ቀን ስህንን ከሩቅ ስታይ ወሬ የምትጀምር ልጅ፣ ዛሬ ስታያት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

«ሂንድ፣ መታወቂያዬን አይተሻል?»

«የምን መታወቂያ?» ቶሎ አለችው፤ በጣም ቶሎ።

«ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?»

«ሽንኩርት ስልጥ ነበር።»

«በጠዋቱ?»

ሂንድ ሻሿን አስተካከለች፤ ያልተበላሸ ሻሽ። «ስሚኝማ ስህኔ… የነገው ተራዝሟል። ለሐሙስ። ማለቴ ለሚቀጥለው ሳምንት።»

«ለሐሙስ ነው ለሚቀጥለው ሳምንት?»

«ለሚቀጥለው ሐሙስ።»

«ማን አለ?»

«ደውለው ነገሩኝ።»

«ለኔ ለምን አልደወሉም? አትፎግሪኝ እንግዲህ! ወላሂ በይ።»

ሂንድ አፏን ከፈተች። «ወላ…» አለችና ዋጠችው። ዓይኖቿ ሞሉ፤ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።

ሂንድ በውሸት አትምልም። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ድንጋይ ወርውራ የሰው መስኮት የሰበረች ጊዜ እንኳ፣ አልማለችም። ስህን የተዘጋው በር ፊት ቆመች። እንዲህ ነው ለካ! እሷን እቤት አስቀምጣ ሂንድ ብቻዋን ደሴ ልትወርድ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ የተካፈልኳት ልጅ፣ አለች በልቧ፣ ለሁለት ወር ኢንተርንሺፕ ሸጠችኝ።

እሺ፤ መታወቂያው ባይገኝም በስልኳ ያነሳችው ፎቶ አለ። ዋናው በጊዜ መድረስ ነው። ወደ አስፋልቱ ወረደች። የመጀመሪያው የደሴ ሚኒባስ ረዳት ዝናው የሰፈር ልጅ ስለሆነ ቦታ ይይዝላታል።

«ዝናው፣ ነገ ጠዋት አንድ ወንበር ያዝልኝ።»

ዝናው ጭንቅላቱን አከከ። «ነገማ… ነገ ተይዟል።»

«ሚኒባስ ከመቼ ወዲህ ነው ከዋዜማው የሚሞላው?»

«ኮንትራት ነው። ወደ ውጫሌ እንሄዳለን።»

«ከኋላህ ያለውስ?»

«እሱም።»

«ሦስተኛውስ?»

ዝናው ሰማዩን አየ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። «ሦስቱም» አለ።

«ሠርግ ነው?»

«አይ… ሠርግስ አይደለም።» ከዚያ ተሳፋሪ የሌለበትን መንገድ እያየ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ብሎ መጮህ ጀመረ። ደሴ የሚሄድ ሰው ግን በአካባቢው አልነበረም፤ መኪናውም ቆሟል።

ዝናው ከማን ጋር ነው እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወተው? ከሙነወር ጋር። ስህን ጥርሷን ነከሰች። ወንድም ስልክ ይወስዳል፣ የወንድም ጓደኛ ወንበር ይከለክላል፣ እህት መታወቂያ ትሰርቃለች። እንዲህ ያለ ቅንጅት ያለው ሥራማ ቢሮ ውስጥም አይገኝ!

እኩለ ቀን አልፎ ወደ ቤት ስትመለስ የቅሬው መጋዘን ተከፍቷል። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የስህን ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ ይረዳዳል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታረቀኝና ሦስት ሰዎች ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ አግዳሚዎቹን እየመቱ አቧራ ያራግፋሉ። እሷ ብቅ ስትል መምታቱ ቆመ። ወሬውም ቆመ።

«ደህና ዋላችሁ ጋሼ።»

«ደህና ዋልሽ ስህንዬ። እናትሽ ምን ትሠራለች?»

«ሸሚዝ ትተኩሳለች።»

«ደግ። ደግ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «ነገ ማለዳ ከቤት እንዳትርቂ ልጄ። የቅሬ ጉዳይ አለብን፤ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን።»

«ነገ ደሴ ነኝ ጋሼ። ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ እርስዎም ያውቃሉ፣ ባለፈው ‹ይቅናሽ› ብለውኛል።»

«ይደረስበታል» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። እንዲህ ሲሉ ግን ዓይኗን አላዩም። የሷን ፊት ሳያዩ ተናግረው የማያውቁ ሰውዬ!

እሳቸውም? ከሂንድ አባት ጋር የቅሬውን መዝገብ ስለሚይዙ እሳቸውም ገቡበት? ስህን እንባዋ መጣ። መኖሪያ ሰፈሯ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያድምባት ምን አድርጋ ነው? አባት አልባ ልጅ ስለሆነች ነው?

ወደ ቤት አልገባችም። ሐይቁ ወደሚታይበት ዳገት ወጥታ ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጠች፤ የማስታወሻ ደብተሯንም አወጣች። መምህራቸው ሁሌ እንደሚሉት ገጹን ለሁለት ከፈለችው፦ «የማውቀው»፣ «የምገምተው»። መታወቂያው ጠፋ። የእማ ስልክ ተወሰደ። ሂንድ ዋሸች። ሦስት ሚኒባስ ወደ ውጫሌ። ጋሽ ታረቀኝ «አትርቂ» አሉ። በግምቱ በኩል አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፦ «ቅናት»። ከዚያ ስልኳን አንስታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለች። ማስረጃ ሊኖራት ይገባል።

አንዲት ሴት አነሳች፤ ስህን ስሟን ነግራ ስለነገው ጠየቀቻት። «የነገው? ሦስት ሰዓት ነው። ምንም አልተራዘመም።»

«አውቄ ነበር!» አለች ስህን፤ ጆሮዋ ጋለ።

«ግን እኮ» አለች ሴትዮዋ፣ «ጓደኛሽ ሂንድ ጠዋት ደውላልኝ ነበር። በአንድ ሳምንት አራዝሙልን ብላ ለመነችኝ፤ አለቃዬን ጠየቅሁላት፣ አልሆነም። ‹እንግዲያው ሁለታችንንም ሰርዙን› አለችኝ።»

«ሁለታችንንም?»

«አዎ። ምክንያቱን ስጠይቃት አለቀሰች እንጂ አልነገረችኝም። የሷን ስም ሰርዣለሁ። ያንቺን ግን ከራስሽ አፍ ልስማ ብዬ ተውኩት። እንግዲህ ከመጣሽ ብቻሽን ነሽ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቦታው ያንቺ ነው ማለት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሳውቂኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ስህን ደብተሩን ትክ ብላ አየችው። ሌባ የራሱን ቤት አይሰርቅም። ሂንድ ቀንታ ከሆነ፣ የራሷን ስም ለምን ታሰርዛለች? «ቅናት» የሚለውን ቃል ሰረዘችው። ሲሰረዝ ግን በግራ በኩል የተጻፉት አምስት ነገሮች ባዶ ሜዳ ላይ ቀሩ፤ አንድ በአንድ እንደገና አነበበቻቸው።

የእማ ስልክ ለምን ይወሰዳል? ሰው እንዳይደውልላት። ቅሬ ድንኳን የሚያወጣው መቼ ነው? ሰው ሲሞት። በሰፈሩ የሞተ ሰው አለ? የለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ሦስት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ወደ ውጫሌ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ እናቷ የተወለደችበት፣ የእናቷ ዘመዶች ሁሉ የሚቀበሩበት አገር ነው።

 ቴሌግራሙን ከፈተች። እሑድ የላከችው ዘገባ አሁንም አልተከፈተም። ወንዱ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደገመች። ዝግ ነው።

ዳገቱን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። የሂንድን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ሂንድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ወንዱ ነው?»

ሂንድ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

«ሂንድ፣ ወንዱ ነው ወይ?»

«እኔ አልነገርኩሽም» አለች ሂንድ። «እኔ ምንም አላልኩም፣ ስህኔ።»

ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ስህን ድምፅዋን የሂንድ ትከሻ ላይ አፈነችው፤ አጥሩ ስስ ነው፣ እናቷ ትሰማለች። ወንዱ! ከወር በፊት «ለፋሲካ መጥቼ አንቺን በሬዲዮ ካልሰማሁማ ምን ዋጋ አለው» ብሎ የሳቀው ወንዱ!

ሂንድ ቀስ በቀስ ነገረቻት። ወባ ነው፤ ሦስት ቀን ታሞ አረፈ። ወሬው ሰኞ ለጋሽ ታረቀኝ ተደወለላቸው። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ረፋዱ ላይ ሐይቅ ይደርስና ወደ አምባሰል ያልፋል። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይነገራል።

«አንቺ በሌሊት ተነስተሽ ደሴ ብትሄጂስ? መንገድ ላይ አንዱ ቢነግርሽስ? ለዚያ ነው መታወቂያሽን…» ሂንድ ከትራስ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። «ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። ሞኝ ነኝ።»

ስህን መታወቂያውን ተቀበለች። ከሐዘኑ ሥር ንዴቱ ብቅ አለ። «ለምን አልነገርሽኝም? ቀኑን ሙሉ በልቤ ሌባ ነሽ እያልኩሽ ዋልኩ!»

«እኔ ማን ነኝ መርዶ የምነግር? እንዴት አድርጌ ነው የምነግርሽ? በየትኛው አፌ?»

«የኔን ስም እንድታሰርዢስ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለች ሂንድ። «እሱ ጥፋቴ ነው። ያንቺን መተው ነበረብኝ።»

«የራስሽንስ? አንቺ መሄድ ትችይ ነበር።»

«አንቺ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠሽ እኔ እዚያ ሄጄ ‹ስለ ራስሽ ንገሪን› ሲሉኝ ምን ልል? አቦ ተይኝ!»

ስህን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለእማ አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። ወንድሟ ነው። ከሷ በፊት የሚኒባስ ረዳት ያውቃል! የማወቅ መብት አላት።»

«አላት» አለች ሂንድ። «እኔም ትናንት ለጋሽ ታረቀኝ እንዲሁ ብያቸው ነበር። ‹ደም ግፊት አለባት፤ ዛሬ እህል ትቅመስ፣ መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ትተኛ። ሌሊቱን ብቻዋን ከምትሸከመው ሲነጋ ሁላችንም እንሸከምላት› አሉኝ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ እኔ አላውቅም፣ ወላሂ አላውቅም። እናትሽ ናት። አንቺ ነሽ የምታውቂያት።»

ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ስህን ስልኳን አወጣች። ቦታው የሷ ነው፤ ሴትዮዋ ብላታለች። ወንዱ ራሱ ቢጠየቅ «ሂጂ» ይል ነበር፤ እሱ እንዲህ ነው። ግን እናቷ ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ከቧት ስትጮህ፣ እሷ ደሴ ሆና ስለ ዓሣ አጥማጆች ልታወራ? ደወለች። ስሟን ተናገረች። «አልመጣም» አለች። ሴትዮዋ «ምነው?» ብትላት «ነገ ከእናቴ ጋር ነው የምውለው» ብላ፣ አመስግና ዘጋችው። ያኔ እንደገና አለቀሰች፤ የትኛውን እንደምታለቅስ ግን ለራሷም አልለየላትም።

ሂንድ ውኃ አመጣችላት። ፊቷን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

ቤት ስትገባ ነጩ ሸሚዝ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፋና ለነገው ስንቅና ደስታ ብላ ከሐይቁ ዳር ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ገዝታ ጠብሳዋለች፤ ቤቱን የዓሣና የቃርያ ሽታ ሞልቶታል።

«የት ጠፍተሽ ነው? ደግሞ ዓይንሽ ምንድን ነው?»

«መታወቂያዬ ጠፍቶ አልቅሼ ነበር። ተገኘ።» እውነት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ውሸት የሆነ ቃል የለም። ስህን እንዲህ ያለ እውነት መናገር እንደምትችል ዛሬ ገና ማወቋ ነው፤ አልወደደችውም።

«ለመታወቂያ ይለቀሳል? አንቺ ልጅ!» ፋና ትሪውን አቀረበች፤ ራሷ ግን ከትሪው ራቅ ብላ ተቀመጠች። «አንቺ ብይ። እኔን ዛሬ ምንም አላሰኘኝ። ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ይረብሸኛል፣ ምን እንደሆነ እንጃ። ሙነወር ስልኬን ነገ ያመጣልኛል ብለሽ ነው?»

ስህን ትሪው ፊት ተቀመጠች። ልንገራት፣ አለች በልቧ፤ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ። እናቷን አየቻት። ለእሷ ሸሚዝ ስትተኩስ የዋለች፣ በልጇ ኩራት ፊቷ የበራ፣ ደክሟት እግሯን የዘረጋች ሴት። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይህን ፊት ለብዙ ጊዜ አታየውም።

«ያመጣዋል» አለች። «ነይ እማ፣ ብቻዬን አልበላም።» ከዓሣው እሾሁን ለቅማ፣ በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋችላት።

«ኧረ ተይኝ…»

«በሞቴ።»

ፋና ሳቀችና ጎረሰች። ስህን ሁለተኛ ጠቀለለች፤ ሦስተኛም። እናቷ አንድ ጉርሻ ስትውጥ እሷም አንድ ትውጣለች፤ አፈር አፈር ይላታል፣ ግን ትውጣለች። ትሪው ሲጋመስ ተነስታ የደም ግፊቱን ክኒንና አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጣች፤ እስክትውጠውም ቆማ ጠበቀች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ፣ እናቴ ሆንሽ እኮ» አለች ፋና። ሸሚዙን ደግማ አየችው፤ አንዲት ክር ከኮሌታው ላይ አነሳች። «በጊዜ እንተኛ እንግዲህ። ለነገ በስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?»

ስህን ትሪውን አነሳች።

«አትቀስቅሺኝ እማ» አለች። «ነገ የምቀሰቅስሽ እኔ ነኝ።»